ሯጭ ሲቀመጥ

ቡናው እስኪፈላ ስለ አንድ ሀዘን ላጫውታችሁ። ድንኳን የማይጣልለት፣ ጥሩምባ የማይነፋለት፣ ማንም መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» የማይልበት ሀዘን ነው። ሯጭ ተጎድቶ ቤቱ ሲቀመጥ የሚይዘው ሀዘን። ይህን ሀዘን ብዬ መጥራቴ የሚከብዳችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም በራሴ እስኪደርስ ድረስ ሰው ቢነግረኝ «ማን ሞተ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አማርኛችን ግን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ሰው የሞተበትን «ሀዘን ተቀመጠ» እንላለን። ሩጫ ያቆመውንም «ምነው ተቀመጥክ?» ብለን እንጠይቀዋለን። ቃሉ አንድ ነው።

የማወራችሁ ከይፋግ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታን አልፋችሁ፣ የርብን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ አዲስ ዘመን ከመግባታችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። ዛሬ አውቶቡስ ብዙም ሳይቆም ያልፋታል እንጂ በጥንት ጊዜ የሲራራ ነጋዴ ጭኖ የሚያራግፍባት፣ ስሟ በሩቅ የሚታወቅ የገበያ ከተማ ነበረች። ወደ ጣና በኩል የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። በበጋ ለሚሮጥ ሰው ከዚህ ሜዳ የሚበልጥ መሬት የለም፤ አፈሩ እግርን ይቀበላል፣ ዓይን የሚያግደው ነገር የለም፣ ጠዋት ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ክረምት ሲገባ ግን ርብ ይሞላና ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል። ያኔ ለከብትም ለሰውም ጭቃ ነው። ሯጭ ምን ያደርጋል? ወደ አስፋልት ይወጣል።

የኔም ነገር የጀመረው እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በሚደረገው በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ጥሩ ሰዓት ልሮጥ አስቤ፣ ክረምቱን ሙሉ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አስፋልት ላይ ልምምዴን ጨመርኩ። ሳምንት በሳምንት ላይ እያከልኩ፣ እረፍት ቀን የምለውንም በሶምሶማ እየሞላሁ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በግራ ቅልጥሜ ውስጠኛው በኩል የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቦታ ማመም ጀመረች። ስጀምር ያመኛል፣ ሲሞቀኝ ይተወኛል። «ተወኝ» ብዬ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሲሞቀኝም አልተወኝም። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ስወርድ ማነከስ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ዘንድ ነው። የሰው ገላ የሚያውቁ፣ ስንቱን የወለቀ ትከሻ የመለሱ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። የኔ ግን የወለቀ ነገር አልነበረም። ሲታሽ ባሰበት። ከዚያ ባሕር ዳር ሄጄ ራጅ ተነሳሁ፤ ራጁ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ይህን ለምን እንደምነግራችሁ ላስረዳ። ብዙ በመሮጥ የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ፀጉር የምታክል ስለሆነች በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አትታይም። የምትታየው አጥንቱ ራሱን መጠገን ሲጀምርና በዙሪያዋ ነጭ ጥገና ሲሠራ ነው። እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበርና ከባሕር ዳር ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ሜዳውን እያየሁ ራሴን ተጠራጠርኩ። አሞኛል ወይስ ሰንፌ ነው? ስንጥቋ የታየችው ከሳምንታት በኋላ በተነሳሁት በሁለተኛው ራጅ ነው። ያን ቀን ሐኪሙ «ተሰብረህ ነበር» ሲለኝ እፎይ አልኩ። ሰው መሰበሩን ሰምቶ እፎይ ማለቱ ለሌላ ሰው ግራ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ሯጭ ግን ይገባዋል፤ ሕመሙን የሚመሰክርለት ነገር አገኘ ማለት ነው።

ቢያንስ ስምንት ሳምንት አትሮጥም ተባልኩ። ወሩ መስከረም ነው። ሜዳው መድረቅ የሚጀምርበት፣ አደይ የሚፈነዳበት፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ጊዜ።

የጎዳኝ እግሬ ብቻ አልነበረም። ሰዓቱ ነው የጎዳኝ። ለዓመታት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል የነቃ ገላ ጉዳት መጣ ብሎ አይተኛም። ጫማዬ ከበሩ ጎን እንደተቀመጠ ነው፤ እኔም ነቅቻለሁ፤ የምሄድበት ግን የለም። ልክ 12 ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ልጆች በደጄ ያልፋሉ። ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሄደው ክለብ ለመግባት የሚያልሙ። ዱካቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ። አንደኛው ተረከዙን ይጎትታል፣ ሌላኛው ያስላል፣ ትንሹ ሁልጊዜ ከኋላ ሆኖ «ቆዩኝ!» ይላል። ጋቢዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እስኪያልፉ እጠብቃለሁ። ቀናሁባቸው። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ እውነት ነውና። የ16 ዓመት ልጆች ላይ፣ እኔው ጫማ ማሰር ያስተማርኳቸው ልጆች ላይ ቀናሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቤተሰቤን እቆጣለሁ፤ ምግብ አይጣፍጠኝም፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የኔ ጠባይ ብቻ አይደለም። አዘውትረው የሚሮጡ፣ ምንም ያልታመሙ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ሩጫ አስቁመው ያዩ ተመራማሪዎች አሉ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሰዎቹ ይጨንቃቸዋል፣ ይከፋቸዋል፣ እንቅልፍ ይጎድላቸዋል፤ ሲመለሱ ደግሞ ይለቃቸዋል። ሩጫ በአንጎል ውስጥ ሕመምን የሚያስታግሱና ልብን የሚያቀሉ ንጥረ ነገሮችን ያስነሳል። እነሱ በድንገት ሲቋረጡ ገላ ይጠይቃል። ሌላም አለ፤ እሱ ይመስለኛል የሚከብደው። ሯጭ ሀሳቡን የሚያብላላው፣ ብሶቱን የሚያወጣው፣ ጸሎቱንም የሚያደርሰው እየሮጠ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ሲመጣ ሀዘንም ያመጣል፣ ሀዘኑን የሚያወጣበትንም መንገድ ይዘጋበታል።

ሰዉስ ምን አለኝ? ክፉ የተናገረ አልነበረም። «እሰይ፣ አረፍክ!» አሉኝ። «ድሮም ሩጫ ከጉልበት መጨረስ በቀር ምን ያደርጋል?» አሉኝ። «ቆመህ ትሄድ የለ እንዴ፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ጀሶ የለኝም፣ ክራንች አልያዝኩም። ላልጋ ቁራኛ «እግዜር ይማርህ» እንላለን፤ ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ «ያጽናህ» እንላለን። ቆሞ ለሚሄድ፣ ግን የሚወደው ነገር ለተወሰደበት ሰው የምንለው ቃል የለንም። በቃል የበለጸገ ሕዝብ ሆነን እዚህ ላይ ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል።

ያን ሰሞን አንድ ቀን ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አሁን የተቀመጥንበት ዓይነት ነው፤ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ጀበናው እሳት ላይ። አንድ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ ተቀምጠው ዝምታዬን ሲያዩ ቆዩ። ከአቦሉ በኋላ ወደኔ ዞረው፣

«አንተ ልጅ፣ እግርህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው አባባ፤ ግን መሮጥ አትችልም ብለውኛል» አልኳቸው።

«በሬ ሲያነክስብኝ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?»

«አያርሱበትም።»

«እሱማ ማንም ያውቀዋል፤ ቀንበር አላስነካውም። ግን በረት ውስጥ ብቻውን አልዘጋበትም። ከጓደኞቹ ጋራ ቀስ እያልኩ ወደ ሜዳ አወጣዋለሁ። ብቻውን ከቀረ አይበላም፤ ካልበላ ደግሞ እግሩ አይድንም።»

ሌላ አልጨመሩም። ስኒያቸውን መልሰው ስለ ሩዝ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ያን ሌሊት ሳሰላስለው አደርኩ። ቀንበሩን አውልቄያለሁ፤ እሱ የሐኪም ትእዛዝ ነው። በረቱን የዘጋሁት ግን እኔው ነኝ።

በማግስቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አስሬ ወጣሁና ልጆቹን ሜዳው ዳር ጠበቅኳቸው። «ሰዓት እይዝላችኋለሁ» አልኳቸው። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ሲያሟሙቁ እያየሁ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሲፈጥኑ እግሬ በራሱ ይንቀሳቀሳል። አልፈው ሲሄዱ ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግሁ። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጅ መጥቶ «እስክትድን አንተ ቁጠርልን፣ ስትድን እኛ እንቆጥርልሃለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ከሰጠኝ መድኃኒት ሁሉ ይህ እንደበለጠብኝ እናገራለሁ። ቅናቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ግን ከቅርብ ሆኜ ሳየው አነሰ። በጋቢ ሥር የሰማሁት ዱካና ሜዳ ላይ ያየሁት ልጅ አንድ አልነበሩም።

ስለ ታላላቆቻችንም ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እኛ የምናስታውሰው ባንዲራ ለብሰው ሲዞሩ ነው። የተቀመጡበትን ጊዜ ማን ያስታውሳል? ወሮቹንና ዓመቶቹን እነሱ በተወዳደሩበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥራቸው።

ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ቤጂንግ ላይ 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም አሸንፋ የተመለሰች ናት። ከዚያ ጉዳት ተከታተለባት። የ2009ኙ የበርሊን የዓለም ሻምፒዮና አመለጣት፣ የ2011ዱ የዴጉም አመለጣት። ከአንድ ዓመት በላይ ከውድድር ርቃ የተመለሰችው በ2011 የመጨረሻዋ ቀን ማድሪድ ላይ በተደረገ የጎዳና ሩጫ ነው። በሰባት ወሯ፣ ነሐሴ 2012፣ ለንደን ላይ 10 ሺህውን በ30:20.75 አሸንፋ ወርቋን አጠለቀች። ያን ምሽት የመጨረሻዎቹን ዙሮች ስትፈጥን ያያችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የምጓጓው በመሃል ያሉትን ጠዋቶች ለማወቅ ነው። የአሰላና የአዲስ አበባ ሯጮች ሁሉ ሲወጡ፣ እሷ በዚያ ሰዓት ምን ታደርግ ነበር?

ቀነኒሳ በቀለን ተመልከቱ። በ2009 በርሊን ላይ ሁለት ወርቅ ወስዶ፣ በቀጣዩ ዓመት የባቱ ጡንቻ ተጎዳና ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ራቀ። በ10 ሺህ ሜትር ማንም ያላሸነፈው ሰው ነበር። በነሐሴ 2011 ዴጉ ላይ ሲመለስ ሩጫውን ሳይጨርስ ወጣ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ብራሰልስ ላይ በ26:43.16 አሸነፈ፤ የዓመቱ ፈጣን ሰዓት ነበር። ማራቶን ከጀመረ በኋላም ጉዳቱ አልተወውም። ዱባይን ሁለት ጊዜ አቋረጠ፣ በ2017 በርሊንን አቋረጠ፣ በ2018 አምስተርዳምን ሊጨርስ ሲል አቋረጠ። ያን ጊዜ «አለቀለት» ያላልን ስንቶቻችን ነን? በመስከረም 2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጠ። ለዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ ጎደለው። በ2024 ደግሞ በ42 ዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ ተሰለፈ። እኔ በቀነኒሳ ላይ ከወርቆቹ ሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ይህን ደጋግሞ የመመለስ ትዕግሥቱን ነው፤ ይህን ስል ከብዙ ሰው ጋር እንደምለያይ አውቃለሁ።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ለየት ያለ ትምህርት አለው። በኅዳር 2010 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱ አብጦ በ26ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ። ወዲያው ለጋዜጠኞች እንባ እየተናነቀው ሩጫ በቃኝ አለ። ዓለም ደነገጠ፤ እኛም አዘንን። ሳምንት አለፍ ሲል ሀሳቡን ለወጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ወላዋይነት ወሰደው። እኔ ተጎድቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን በደንብ ገባኝ። ያን ቀን የተናገረው ጉልበቱ ነበር። ሀዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ቤቱን እንዲሸጥ፣ ከብቱን እንዲከፋፍል ዘመድ አይፈቅድለትም፤ «ይቆይ፣ አርባው ይውጣ» ይባላል። የተጎዳ ሯጭም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ሩጫው ትልቅ ነገር እንዲወስን አንፍቀድለት። እኔም በዚያው ሰሞን ጫማዬን ለልጆቹ አድዬ ልገላገል ብዬ ነበር። ባለቤቴ ናት «ጥር ላይ ትሰጣለህ» ብላ የደበቀችው።

ትዕግሥት አሰፋንም ሳልጠቅሳት አላልፍም። በ2016 ሪዮ ላይ 800 ሜትር የሮጠች ናት። የተረከዟ ጅማት ባለ ሹል ጫማ መልበስ ሲከለክላት ከትራክ ወጥታ ወደ ጎዳና ሄደች። በመስከረም 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የሴቶችን ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለሁሉም ተጎጂ እንዲህ ያለ ጎዳና ይከፈታል ብዬ አልዋሻችሁም። አይከፈትም።

የማይከፈትለትን ሰው ሳስብ ሁልጊዜ አበበ ቢቂላ ይመጣብኛል። ቡናችንም ቶና ደርሷልና ትንሽ ልቆይበት።

አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱ ወጥቶ ከአንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ በ2:12:11.2 አሸነፈ። ሁለት ማራቶን በተከታታይ ኦሎምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ ነበርና በ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ይዞት ገባ። በመጋቢት 1969 ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። አበበ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም።

ንጉሠ ነገሥቱ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባል ሆስፒታል ላኩት። ይህ ሆስፒታል ተራ ሆስፒታል አይደለም። በጦርነት የጀርባ አጥንታቸው ተጎድቶ እግራቸው የከዳቸውን ወታደሮች የሚያክሙት ሐኪሞች ስፖርትን ከመድኃኒት ቆጥረው በ1948 በግቢያቸው ውድድር የጀመሩበት ቦታ ነው። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ውድድር የተወለደ ነው። የሁለት ኦሎምፒክ የማራቶን አሸናፊ እዚያ ገባ። ምን አደረገ መሰላችሁ? በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በዚያው ግቢ ውድድር ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ መንደር ልጅ፣ በረዶ ላይ! በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ተጠርቶ በወንበሩ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

በልጅነቴ የአበበን ታሪክ ስሰማ አደጋው ላይ ሲደርስ ተራኪው ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ከዚያ በኋላ…» ብሎ ያቆም ነበር። አራቱ ዓመታት ይዘለላሉ። እኔ ግን በቅልጥም ስንጥቅ፣ በስምንት ሳምንት ቅጣት ተማርሬ በተቀመጥኩበት ሰሞን ያነሱኝ እነዚያ የሚዘለሉት ዓመታት ናቸው። አበበ አላዘነም ብዬ አይደለም። ማን ያውቃል ስንት ሌሊት እንዳለቀሰ። ግን ብቻውን አልተዘጋበትም። እንደሱ እግር የከዳቸው ሰዎች ባሉበት ግቢ ገባ፤ ቀስት ስጡኝ አለ፤ ከሰው ጋር ተሰለፈ። የጎረቤቴን በሬ ታስታውሳላችሁ?

አሁን ደግሞ ተጎድታችሁ ለተቀመጣችሁ፣ ልባችሁን ስለሚበላው ስጋት ልንገራችሁ። «የለፋሁበት ሁሉ ሊጠፋ ነው» የሚለው ነው። አይጠፋም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። የደም መጠን ግን ዝቅ ይላል፣ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ያንሳል፤ ለዚህም ነው ስትመለሱ ትንሽ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ። ጡንቻ ግን የለመደውን ቶሎ አይረሳም፤ መጀመሪያ ሲገነባ ከፈጀው ጊዜ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። ለመዳን የሚያስፈልገውን ጊዜ ደግሞ አትስረቁት። አጥንት በሳምንታት ይጠገናል፤ ጅማት ደም ብዙ ስለማይደርሰው ከአጥንት ይልቅ ይቆያል። ልብና ሳንባን ሥራ ላይ ማቆየት ከፈለጋችሁ ሐኪማችሁ ከፈቀደ ብስክሌት አለ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ አይደለችም እንዴ? በዘንባባው ሥር፣ በሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ እኔም በየሳምንቱ መጨረሻ እየሄድኩ ነድቻለሁ። «ጣና እያለ ውኃ ውስጥ ሩጥ» የሚል ምክርም ሰምቻለሁ። ውኃ ውስጥ መሮጥ በእርግጥ ለተጎዳ እግር ጥሩ ነው፤ ግን በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ዳርና ዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆማችሁ አትዋሉ። የአንድ እግር ሕመም ይዛችሁ ሄዳችሁ የጉበት ሕመም ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

መጻፍ የምትወዱ ከሆናችሁ ጻፉ፤ የምትጸልዩ ከሆናችሁ ጸልዩ፤ ማልቀስ ከመጣባችሁ አልቅሱ። «ወንድ ልጅ ለእግሩ አያለቅስም» የሚላችሁ ሰው ሮጦ አያውቅም።

ስመለስ እንዴት ነበር ብትሉኝ በአጭሩ ልንገራችሁ። ታላቁ ሩጫን በቴሌቪዥን አየሁት። የሯጩ ጎርፍ በመስቀል አደባባይ ሲፈስ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ከፋኝ፣ ግን እንደ መስከረም አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ ብዬ ጀመርኩ፤ ሜዳው ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አይደለም። ሰዓት የያዘልኝ ትንሹ ልጅ ነው። በየእርምጃው ቅልጥሜን አዳምጣለሁ፤ የሆነ ነገር በጠቆመኝ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ይህ ፍርሃት ከጉዳቱ በኋላ ብዙ ወር አብሮኝ ቆይቷል፤ ዛሬም አስፋልት ላይ ስወጣ ይመጣል። ጫማውን ባለቤቴ ከሳጥን አውጥታ የሰጠችኝ ጥር ሳይደርስ ነው።

በረካው ቀርቧል፤ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኛ ለቅሶ መድረስ የምንችልበት ሕዝብ ነን። ሀዘንተኛን ብቻውን አንተውም፤ አብረን እንቀመጣለን፣ እናጫውተዋለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ሲበላ እስክናይ አንነሳም። በየሰፈራችሁ በየጠዋቱ ሲሮጥ የምታዩት፣ ከሰሞኑ ግን የጠፋባችሁ ልጅ ካለ፣ ሴትም ሆነች ወንድ፣ ታላቅም ሆነ ታናሽ፣ እባካችሁ ቤቱ ድረስ ሂዱ። «አረፍክ» አትበሉት። «መቼ ትመለሳለህ?» ብላችሁም አታጣድፉት። ጀበናችሁን ይዛችሁ ሂዱና አጫውቱት። ስትሄዱም ከሰዓት በኋላ አይሁን፤ ያን ጊዜ ደህና ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂዱ።